ፍም ሲሰበሰብ፣ ፍም ሲበተን
(ስለ ዩራኒየም ሙሙት የቀረበ ትምህርት)

አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጌዶም ሆነ ጊንጪ፣ እናቶቻችን እሳት ለማሳደር ሲፈልጉ ፍሙን ሰብስበው ይዳፍኑታል፤ ቶሎ እንዲበርድ ከፈለጉ ደግሞ ይበትኑታል። ፍሙ ያው ነው፤ የሚለየው አቀማመጡ ነው። ዛሬ ለጥናት ያቀረብነው ጉዳይም በዚሁ ምሳሌ ይገባናል።

የዩራኒየም 235 አቶም በኒውትሮን ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ሁለት ወይም ሦስት ኒውትሮኖች ይለቃል። አብዛኞቹ ካመለጡ ነገሩ ይበርዳል። በአማካይ አንዱ ሌላ አቶም ከሰነጠቀ ግን ሂደቱ ራሱን ችሎ ይቀጥላል። ይህ ደረጃ ክሪቲካሊቲ ይባላል። ታዲያ ወደዚህ ደረጃ የሚያደርሰው የዩራኒየሙ ብዛት ብቻ አይደለም።

1ኛ/ ውሃ፦ ውሃ ኒውትሮንን ያዘገያል፤ የዘገየ ኒውትሮን ደግሞ አቶሙን በቀላሉ ይሰነጥቃል። እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም ድቡልቡል ብረት ሆኖ ለብቻው ሲቀመጥ ለክሪቲካሊቲ 50 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። በውሃ ሟሙቶ በውሃ ሲከበብ ግን ከ1 ኪሎ ያነሰ ይበቃል!

2ኛ/ የዕቃው ቅርጽ፦ በቀጭንና ረዥም ቱቦ ውስጥ ኒውትሮኖቹ በጎን ያመልጣሉ። እንደ እንስራ ሰፋ ባለ ዕቃ ውስጥ ግን እዚያው ይቀራሉ።

ልኩን ለማወቅ ተመራማሪዎች ብዙ ደክመዋል። በጃፓን ቶካይ መንደር ስቴሲ በተባለው የምርምር ጣቢያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩራኒየም ሙሙት ወደ ጋን ቀስ በቀስ እየተሞላ፣ ክሪቲካል የሚሆንበት ከፍታ ተለክቷል።

የሚያሳዝነው በዚያው በቶካይ የደረሰው አደጋ ነው። መስከረም 30 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ጄሲኦ በተባለ የነዳጅ ማዘጋጃ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራው እንዲፋጠን ብለው ቀጭኑን ዕቃ ትተው ሙሙቱን በባልዲ ወደ ሰፊ ጋን ገለበጡ። የተፈቀደው 2.4 ኪሎ ዩራኒየም ሲሆን የገባው 16 ኪሎ ገደማ ነበር። ሰባተኛው ባልዲ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። በጋኑ ዙሪያ የነበረው ማቀዝቀዣ ውሃም ኒውትሮኖቹን እየመለሰ ሂደቱን 20 ሰዓት ያህል አቆየው። የቆመው ያ ውሃ ሲፈስስ ነው፤ ከዚያም ቦሪክ አሲድ ተጨመረበት። ከሦስቱ ሠራተኞች ሁለቱ በወራት ውስጥ ሞቱ።

እነዚህ ሠራተኞች ስለ ክሪቲካሊቲ በቂ ትምህርት አልተሰጣቸውም ነበር። ለእኛ ለመምህራን ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። «አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ» ብለን ብቻ ብናልፍ፣ ተማሪው የቸኮለ ቀን «ምን ችግር አለው?» ብሎ ይዘለዋል። «ለምን?» የሚለውን ካስረዳነው ግን እኛ በሌለንበትም ይጠነቀቃል።

ለውይይት፦
ሀ/ ያው ሙሙት በቀጭን ቱቦ ቢቀመጥ ኖሮ አደጋው ለምን አይደርስም ነበር?
ለ/ በቤተ ሙከራችን ምክንያታቸውን ሳናውቅ የምንከተላቸው ሕጎች የትኞቹ ናቸው?