በባዕድ አገር የሚማር ምእመንና ቁምስናው

ከጅጅጋና ከአካባቢዋ ከተሞች፣ እንዲሁም ከሐረርና ከድሬዳዋ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። ወላጆች ልጃቸውን ሲሸኙ አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ገንዘቡ ነው። ይህ ተገቢ አሳብ ነው። እኛ ግን በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የልጁ እምነት በአዲሱ አገር የት እንደሚያርፍ ነው።

በጅጅጋ ያደገ ክርስቲያን በቁጥር ጥቂት ሆኖ መኖርን ያውቃል። ጎረቤቱም የትምህርት ቤት ጓደኛውም ሙስሊም ነው፤ ወደ ቅዳሴ የሚሄደው የአዛን ድምፅ እየሰማ ነው። ስለዚህ በእምነት ከብዙኃኑ መለየት አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆንበት ሌላ ነገር ነው። እዚህ አንድ እሑድ ቢቀር፣ «ልጁ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። እዚያ ግን ዓመት ሙሉ ቢቀር የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። ከቤተ ክርስቲያን የሚርቅ ተማሪ ሁሉ እምነቱን ክዶ አይደለም የሚርቀው፤ መቅረቱን የሚያይ ሰው በማጣቱ ቀስ በቀስ የሚለምደው አለ።

ቅዱስ መጽሐፍ በባዕድ አገር ስለ ተማረ ወጣት ይነግረናል። ዳንኤል ወደ ባቢሎን ተማርኮ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ለ3 ዓመት እንዲማር ታዘዘ (ዳን. ምዕ. 1)። ትምህርቱን አልናቀም፤ በማዕድ ግን የአባቶቹን ሕግ ጠበቀ። ጭንቅ በመጣ ጊዜም ወደ ቤቱ ገብቶ ለአናንያ፣ ለሚሳኤልና ለአዛርያ ነገራቸው፤ የሰማይን አምላክ ምሕረትም አብረው ለመኑ (ዳን. ምዕ. 2)። በባቢሎን የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አልነበረም፤ አብሮ የሚጸልይ ማኅበር ግን ነበረ።

በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽም ቅዱስ ባስልዮስ ከቀጰዶቅያ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ አቴና ሄደ። ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ ቀድሞት ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ አዲስ ገቢ ተማሪ የነባሮቹ መሳለቂያ ይሆን ነበርና፣ ጎርጎርዮስ ባስልዮስን ከዚህ አዳነው። አቴና እንደጠበቃት ሳትሆን ቀርታ ባዘነም ጊዜ አጽናናው። ጎርጎርዮስ ስለ ሟቹ ወዳጁ ባደረገው ንግግር፣ ሁለቱ በከተማይቱ የሚያውቋቸው መንገዶች ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ ይመሰክራል፤ ይኸውም ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራን የሚወስዱት ናቸው። ባስልዮስ ታላቅ ቅዱስ ቢሆንም ቀድሞት የደረሰ ወንድም እንዳስፈለገው ልብ እንበል።

የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። በሮም በቫቲካን የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። በዚያ ያረፉት አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ በሮም አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1919 ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ቤኔዲክቶስ 15ኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ኮሌጅ መሠረቱ። ተቀባይ ቤት ያገኘ እንግዳ ለሌላውም የሚተርፍ ሥራ ይሠራል።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ተማሪውን ያለ ቤት አይተወውም። በላቲን ሕገ ቀኖና ቁጥር 102 እና 107 መሠረት፣ በአንድ ቁምስና ክልል ቢያንስ 3 ወር ለመቆየት አስቦ የተቀመጠ ወይም 3 ወር የቆየ ሰው በዚያ የራሱ ቆሞስ አለው። ስለዚህ ተማሪው ከበር ቆሞ የሚመለከት እንግዳ ሳይሆን የቁምስናው ልጅ ነው። የግእዝ ሥርዓት አባል የሆነም በላቲን ሥርዓት ለብዙ ዘመን ቢያስቀድስና ቢቆርብ፣ በዚህ ብቻ የራሱን ሥርዓት አባልነት አያጣም (ቁ. 112)። ቁጥር 813 ደግሞ ጳጳሳት ለተማሪዎች ልዩ የእረኝነት እንክብካቤ እንዲያደርጉ ያዛል።

ከዚህ በመነሣት ለሚሄደው ወጣት የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ. የጥምቀትና የሜሮን ምስክር ወረቀቱን ከቆሞሱ ደብዳቤ ጋር ይያዝ።

2ኛ. በመጀመሪያው እሑድ በአቅራቢያው ያለውን ቁምስና ይፈልግ፤ ከቅዳሴ በኋላም ለካህኑ ስሙንና አገሩን ይንገር። ስብከቱን ባይረዳ እንኳ የቅዳሴውን አካሄድ ያውቀዋልና አይፈር።

3ኛ. በመዘምራን ወይም በሌላ አገልግሎት ይግባ። አገልጋይ ሲቀር ይታወቃል።

4ኛ. ከኢትዮጵያውያን ማኅበር አይለይ። እኛ ገናን ታኅሣሥ 29 ስናከብር ለእርሱ ቀኑ የፈተና ቀን ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በዓሉን አብሮት የሚያስብ ወገን ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ቁምስናውን አይተካለትም።

ግዴታው ግን የተማሪው ብቻ አይደለም። ልጁን የሸኘ ቁምስና በጸሎት ስሙን ይጥራ፤ ካቴኪስቱም በየጊዜው በስልክ ወይም በደብዳቤ ይጠይቀው። ደግሞም እኛ ራሳችን ተቀባዮች ነን። የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሌሎች ክልሎች የሚመደቡ ተማሪዎች ወደ ከተማይቱ ይመጣሉ። ከወላይታ፣ ከከምባታ ወይም ከአዲግራት ለመጣ ልጅ ጅጅጋ ሩቅ አገር ናት። የሶማሊኛን ቋንቋም ሆነ የከተማይቱን ልማድ አያውቅም። በቤተ ክርስቲያን ኋላ ቆሞ ቅዳሴው እንዳበቃ ሹልክ ብሎ ሲወጣ ማንም ካላናገረው፣ የእኛ ልጅ በባዕድ አገር እንዳይደርስበት የምንፈራው በእኛው ደጅ ደረሰበት ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ ተማሪ በበዓል ቀን ወደ ማዕዱ ቢጠራ፣ የጎርጎርዮስን ሥራ ሠራ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ከቁምስናችን ለትምህርት የሄዱት እነማን ናቸው? በመጨረሻ የጠየቅናቸው መቼ ነው?

ለ. ዳንኤል ከባቢሎን ትምህርት ምን ተቀበለ? ምንስ ጠበቀ?

ሐ. ባለፈው እሑድ በቅዳሴ ላይ ያየነውና ስሙን የማናውቀው ወጣት አለን? በሚመጣው እሑድ ማን ያናግረዋል?