ውኃው ከየት መጣ?

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል «ድራይ ፎልስ» የሚባል ገደል አለ። ከፍታው 120 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቅርጹ የፏፏቴ ነው፤ የሚወርድበት ውኃ ግን የለም። ታዲያ ይህን ገደል ማን ጠረበው? ጂኦሎጂስቱ ጄ ሃርለን ብሬትዝ ለብዙ ዓመታት የደከመው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ብሬትዝ መጀመሪያ በሲያትል የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነበር፤ የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1913 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ፤ ከ1922 ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎቹን እያስከተለ ወደዚያ ምድር ይመላለስ ነበር።

እስቲ እንደ እርሱ እናስብ። አፈሩ ተጠርጎ ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ ገጥጦ ወጥቷል፤ ድንጋዩም በቦዮች ተቆራርጧል። የበረዶ ግግር ጠርጎት ይሆን? ግግር ያለፈበት ቦታ የፍርስራሽ ክምር ይቀራል፤ በእነዚህ ቦዮች ውስጥ ግን ያ አይታይም። ወንዝ ቀስ በቀስ ሸርሽሮት ይሆን? ወንዝ ሸለቆውን ተከትሎ ይወርዳል። እዚህ ግን ቦዮቹ ይለያያሉ፣ መልሰው ይገናኛሉ፣ ጉብታ ተሻግረው ሌላ ሸለቆ ይገባሉ። ውኃ ጉብታ የሚሻገረው ሸለቆው ሞልቶ ሲገነፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ብሬትዝ በ1923 «ግዙፍ ጎርፍ ነው» ብሎ ጻፈ።

በ1927 በዋሽንግተን ከተማ በተደረገ ስብሰባ ሙግት ገጠመው። በዘመኑ የነበረው እምነት መሬት የሚለወጠው አዝግሞ ነው የሚል ነበር፤ እርሱም የውኃውን ምንጭ በእርግጠኝነት ማሳየት አልቻለም። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ምንጩ አለመታወቁ በድንጋዩ ላይ የታየውን ምልክት አይሽረውም።

የውኃው ምንጭ የሞንታና ክፍለ ግዛት ነበር። ጆሴፍ ፓርዲ የተባለ ጂኦሎጂስት በ1910 በዚያ ስለነበረው ጥንታዊ የሚዙላ ሐይቅ ጽፎ ነበር። በበረዶ ዘመን ከካናዳ የወረደ ግግር አንድ ወንዝ ዘግቶ፣ ከግድቡ አጠገብ 600 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ሐይቅ ፈጠረ። በረዶ ከውኃ ይቀላል፤ ስለዚህ ውኃው የግግሩን ቁመት ዘጠኝ አሥረኛ ያህል ሲደርስ በረዶው መንሳፈፍ ይጀምራል፣ ውኃው ከሥሩ ሾልኮ ግድቡን ይንደዋል። በ1942 ፓርዲ በሐይቁ ወለል ላይ ውኃው በኃይል ሲወጣ የተዋቸውን ግዙፍ ሞገድ መሰል የጠጠር ክምሮች አሳየ። የብሬትዝ ሐሳብ በጊዜ ሂደት ተቀባይነት አገኘ፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ማኅበርም በ1979 ለብሬትዝ የፔንሮዝ ሜዳልያ ሰጠው።

ግግሩ እንደገና ሲገፋ ሐይቁ እንደገና ይሞላል። ጎርፉ ተደጋጋሚ እንደነበር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በዋላ ዋላ ከተማ አቅራቢያ ያሉ 40 ገደማ የደለል ንብርብሮች ይመሰክራሉ። በመካከላቸው የሴንት ሄለንስ እሳተ ገሞራ አመድ ተገኝቷል፤ አመድ እንዲያ ንጹሕ ሆኖ የሚቀመጠው በደረቅ መሬት ላይ ከወረደ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ጎርፍና በሚቀጥለው መካከል ምድሩ ደርቆ ነበር።