ስለ ልጆች ጨዋታና ስለ ወላጆች

በብዙዎቻችን ቤት ጨዋታ እንደ ሥራ ፈትነት ይቈጠራል። አባት ሲገባ ልጆች ዝም ይላሉ፤ ይህንም ጨዋነት ብለን እንመካበታለን። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። አንድ ቀን ግን ታናሹ ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጉድጓድ ምሶ ገበጣ ሲጫወት፥ በትምህርት ቤት መንገድ አንድ ጐረምሳ እንደሚመታው ሲነግራቸው ከአጥር ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ባየኝ ጊዜ እጁን አራግፎ ተነሣና ዝም ብሎ ቆመ። ለእኔ ይታዘዝ ነበር፤ ጭንቀቱን የሚያውቁት ግን ጓደኞቹ ነበሩ።

ቅልብልቦሽ የሚጫወቱትንም ሴቶች ልጆች ተመልከቱ። አንዲቱ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ በምድር ያለውን ስታነሣ የቀሩት ተራቸውን ይጠብቃሉ። ያጭበረበረችው ትገሠጻለች፥ ታኰርፋለች፥ በማግሥቱም ትመለሳለች። (እኛ ታላላቆቹ በጉባኤ ስንጣላ ይህን ያህል ቶሎ አንታረቅም።) ነቢዩ ዘካርያስም በምዕራፍ 8 ቍጥር 4 እና 5 ስለምትታደሰው ኢየሩሳሌም ሲናገር፥ ምርኵዝ የያዙ ሽማግሌዎችንና የሚጫወቱ ልጆችን በአንዲት ከተማ አደባባይ ያሳየናል።

ማርቲን ሉተር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1530 ዓ.ም. በጁን ወር በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ ነበር። ባልደረቦቹ በአውግስቡርግ ስለ እምነታቸው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሊቆሙ ይዘጋጁ ነበር፤ እርሱም የአባቱን መርዶ ከሰማ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ነበር። በዚያ ጭንቀት መካከል ለአራት ዓመት ልጁ ለሃንስ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ልጆች ፍሬ ስለሚለቅሙበት፥ የወርቅ ልጓም ባላቸው ትንንሽ ፈረሶች ስለሚጫወቱበት የአትክልት ስፍራ ነገረው። የሃንስን ጓደኞችም አልረሳም፤ የባልደረቦቹ ልጆች አብረውት እንዲገቡ ፈቃድ ማግኘቱን ጻፈለት። እንግዲህ ሉተር ጊዜ ካገኘ፥ እኛስ ምን እናመካኛለን?

ከጨዋታዎቻችን ለአባትና ለልጅ የሚስማማው እንቆቅልሽ ይመስለኛል። መልሱን ያላወቀ አገር መስጠት አለበትና፥ በቤት ሁሉ የሚያዝዘው አባት በዚያች ሰዓት በልጁ ይሸነፋል። እኔም አንድ ማታ ከእራት በኋላ ልጄን «እስኪ እንቆቅልሽ በለኝ» አልሁት። በመጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ ጠየቀኝ፥ አላወቅሁም፤ ጎንደርን ሰጠሁት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ሐረርንም ወሰደብኝ። እናቱ እስክትስቅ ድረስ አገር አልባ አደረገኝ። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ወደ እኔ ተጠግቶ ስለዚያ ጐረምሳ ይነግረኝ ጀመር።