ምዕራፍ 5፦ ማቅረብ ወይስ ማጥራት? የወፍ ተመልካች ባይኖኩላር አመራረጥ

የመጀመሪያ ባይኖኩላሬን የገዛሁት በቁጥሩ ተማርኬ ነው። ባለሱቁ "ይሄ ሠላሳ ጊዜ ያቀርባል" ሲለኝ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም፤ ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ጌፈርሳ ግድብ ዳር ቆምን። ከውሃው ማዶ ሣሩ ላይ ዝይ የሚመስሉ ወፎች ይግጣሉ። አዲሱን ባይኖኩላሬን ወደ ዓይኔ አነሳሁ። ያየሁት የሚንቀጠቀጥ፣ የደበዘዘ ግራጫ ነገር ነበር። ቁጥሩን ከፍ ባደረግሁ መጠን ጨለማውና መንቀጥቀጡ ባሰ።

ጓደኛዬ ሁኔታዬን አይቶ የራሱን ከአንገቱ አወለቀና ሰጠኝ። ጫፉ የተላጠ አሮጌ ነው፤ ጎኑ ላይ "8×42" ይላል። ወፎቹ በእኔው ካየኋቸው አንሰው ታዩኝ። ግን ረግተው ቆሙ፤ ላባቸውም ተለየ። አንዷ ክንፏን ስትዘረጋ ትከሻዋ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ብልጭ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነበረች።

ያን ዕለት የተማርሁት የዚህ ምዕራፍ መሠረት ነው። ይህን ዕቃ በአማርኛ "አቅርቦ ማሳያ መነጽር" እያልን ስለምንጠራው ሥራው ማቅረብ ብቻ ይመስለናል። ወፍን ለይቶ ለማወቅ ግን ከቅርበቱ ይልቅ ጥራቱ ይበልጣል። የአንዲት ትንሽ ወፍ እግር ቀለም፣ የዓይኗ ዙሪያ፣ የክንፏ ጠርዝ ካልጠራ ወፏ የቱንም ያህል ብትቀርብ ማንነቷ አይታወቅም።

ሁለቱ ቁጥሮች

በየትኛውም ባይኖኩላር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ያገኛሉ፦ 8×32፣ 8×42፣ 10×42፣ 7×50 እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቁጥር የማጉላት አቅሙ ነው። 8 ከሆነ፣ 80 ሜትር ላይ ያለች ወፍ 10 ሜትር ላይ ያለች ያህል ትታያለች። ሁለተኛው ቁጥር ወደ ወፏ የሚዞረው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ይህ ብርሃን የሚገባበት በር ነው።

አሁን 10 የሚያጎላውን እናስብ። ያችው 80 ሜትር ላይ ያለች ወፍ 8 ሜትር ላይ ያለች ትመስላለች። በ8ቱና በ10ሩ መካከል ያለው ልዩነት፣ ለዓይን ሲመነዘር፣ ወፏን ከ10 ሜትርና ከ8 ሜትር ላይ የማየት ያህል ነው። ሻጩ ስለ 10ሩ ሲያወራ የሚያሳየዎት ይህን ጥቅም ነው። ያልነገረዎት ግን አለ፦ ባይኖኩላር ወፏን ብቻ አያጎላም፤ የእጅዎን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ዳገት ወጥተው እያለከለኩ፣ ወይም ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በባሌው ሰኔቲ አምባ ላይ ነፋስ እየገፋዎት፣ 10ሩን አርግቶ መያዝ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው 8ቱን ነው። እጅዎ የሚረጋ ከሆነና የሚያዘወትሩት እንደ አቢጃታና ዝዋይ ያለ ሰፊ የሐይቅ ዳርቻ ከሆነ 10ሩ ይጠቅማል። ከ12 በላይ የሚያጎላ ግን ያለ ማቆሚያ እግር በእጅ ተይዞ ለወፍ አይሆንም። ከትንሽ ወደ ትልቅ ቁጥር የሚቀያየረውን፣ ዙም የሚባለውንም ይተዉት። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጠው ባለ አንድ ቁጥር ባይኖኩላር ሲነጻጸር ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ጠባብና ጨለም ያለ ነው። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።

ብርሃኑን ያስሉ

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ያካፍሉ። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል። ይህ ከዓይን በኩል ካለው ሌንስ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10×42 የሚሰጠው 4.2 ነው፤ በኪስ የሚያዘው 8×25 ደግሞ 3.1 ብቻ።

ይህ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከዓይንዎ ብሌን ጋር ሲነጻጸር ነው። በቀትር ፀሐይ ብሌናችን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይጠባል። በዚያ ሰዓት ትንሹም ትልቁም ባይኖኩላር እኩል ብሩህ ይመስላል። ጎሕ ሲቀድ፣ ሲመሽ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ግን ብሌናችን ይሰፋል፤ የወጣት ዓይን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ዝቅ ይላል። 3 ሚሊሜትር ብርሃን 5 ሚሊሜትር ለሆነ ብሌን ሲደርሰው ምስሉ ይጨልማል። ወፎች ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት በማለዳ ነው።

ሌላም የብርሃን ጉዳይ አለ፤ በቁጥር ያልተጻፈ። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ 4 በመቶ ያህል ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። በባይኖኩላር ውስጥ ብርሃኑ አሥርና ከዚያ በላይ ገጾችን ያልፋል። 12 ገጽ ቢሆን ከገባው ብርሃን 40 በመቶ ገደማው መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በመስታወቱ ላይ የሚቀባ ስስ ልባስ ነው። ካርቶኑ ላይ "ፉሊ መልቲ ኮትድ" የሚለውን ቃል ይፈልጉ፤ ሁሉም ገጾች በብዙ ድርብ ተቀብተዋል ማለት ነው። "ኮትድ" ብቻ ከሆነ አንዳንዶቹ ገጾች ብቻ ተቀብተው ይሆናል። እንደ ቀይ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ሌንስ ሲያዩ አይማረኩ፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው የወፏን ቀለም ያዛባል።

ብርሃን ለቀለም ምን እንደሚያደርግ ለማየት የተከዜ ሰንበርድን ይመልከቱ። ስሟን ከተከዜ ወንዝ ያገኘች፣ የአበባ ወለላ የምትመጥ የደጋ ወፍ ናት። ወንዱ በደካማ ብርሃን ጥቁር ይመስላል። በጥሩ ሌንስና በትክክለኛው ብርሃን ሲያዩት ደረቱ ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል።

የእይታው ስፋት

ካርቶኑ ላይ "በ1,000 ሜትር 130 ሜትር" የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያገኛሉ። አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር ምን ያህል እንደሚያሳይ ይናገራል። ለ8 አጉሊ ከ125 እስከ 140 ሜትር ጥሩ ነው፤ 10 አጉሊው አብዛኛውን ጊዜ ከ105 እስከ 115 ይሆናል። በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲሮጥ ይህ ልዩነት ይገባዎታል። እይታው ጠባብ ከሆነ ወፉን እየፈለጉ ሳለ ቀዩን ክንፉን ዘርግቶ ይሄዳል።

የቅርቡንም ይጠይቁ። ጥሩ የወፍ ባይኖኩላር ከ2 እስከ 3 ሜትር ያለውን ነገር ማጥራት አለበት። ብዙ ወፎች አጠገባችን ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ናቸውና።

የዓይን መነጽር ለሚያደርጉ

መነጽር የሚያደርጉ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይጠይቁ፦ ዓይንዎ ከሌንሱ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት እንደሚችል። ቢያንስ 15 ሚሊሜትር፣ ቢቻል ከ16 እስከ 18 ይሁን። ከዚህ ካነሰ ምስሉ ዳር ዳሩ ተቆርጦ በቀዳዳ የሚያዩ ያህል ይሆናል። የዓይን ጎማውም የሚሽከረከር ወይም የሚታጠፍ ይሁን፤ መነጽር ያደረገ ሰው ዝቅ ያደርገዋል፣ ያላደረገ ከፍ።

ጠማማው፣ ቀጥ ያለውና ዝናቡ

ሁለት ዓይነት ቅርጽ አለ። አንዱ ትከሻው ሰፊና ጠማማ ነው፤ ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ በ1854 የፈጠራ ባለቤትነቱን ባስመዘገበው የፕሪዝም (ብርሃኑን የሚያጥፈው የውስጥ መስታወት) አቀማመጥ ይሠራል፤ ስሙም "ፖሮ" ነው። ሌላው ሁለት ቀጥ ያሉ ቱቦዎች የሚመስለው ነው። ቀጥ ያለው በእጅ ለመያዝ ይመቻል፤ ውሃ እንዳይገባውም ለማድረግ ይቀላል። ፕሪዝሙ ግን እጅግ የረቀቀ አሠራር ስለሚጠይቅ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ከተሠራ ጥራቱ ይጓደላል። ስለዚህ ገንዘብዎ ትንሽ ከሆነ ጠማማውን ፖሮ አይናቁ፤ በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ ጊዜ የጠራ ምስል ይሰጣል።

በክረምት ወይም በቀዝቃዛ ማለዳ የሚወጡ ከሆነ ውሃ የማያስገባና ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ ይምረጡ። በእንጦጦ ብርድ ቆይተው ሞቃት መኪና ውስጥ ሲገቡ ተራው ባይኖኩላር ውስጡ ጉም ሊይዝ ይችላል። ደጋግሞ እርጥበት የገባበት ሌንስ ደግሞ ይሻግታል።

ክብደቱንም በአንገትዎ ይመዝኑ። 8×42 ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ግራም ነው፤ 8×32 ከ450 እስከ 600። ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ሰው 200 ግራም ትልቅ ነገር ነው። ትከሻና አንገት የሚያማቸው ሰዎች ትንሽ ብርሃን አጥተውም ቢሆን 32ን ቢመርጡ አይጸጸቱም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረጉ 6 ፈተናዎች

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላል። ከመክፈልዎ በፊት ሩብ ሰዓት ይውሰዱ።

1. እጅዎን ዘርግተው ባይኖኩላሩን ወደ ብርሃን ያዙሩና ከዓይን በኩል ያሉትን ሁለት የብርሃን ክቦች ይመልከቱ። ድፍን ክብ ከሆኑ ፕሪዝሙ ጥሩ ነው። ጠርዛቸው ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰሉ ፕሪዝሙ ዝቅተኛ ነው።

2. ከሱቁ በር ላይ ሆነው የሩቅ ሕንፃ ጠርዝ ወይም የመብራት ምሰሶ ይመልከቱ። ምስሉ ሁለት ከሆነ፣ ወይም ከአፍታ በኋላ ዓይንዎን ከጎተተው፣ ሁለቱ ቱቦዎች አልተጣጣሙም። አይግዙት።

3. በፀሐይ የበራውን መንገድ ብቻ አይዩ፤ እዚያ ላይ ሁሉም ያምራል። በጣሪያ ሥር ያለ ጥላ ወይም የዛፍ ውስጥ ይመልከቱ። ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ነው።

4. ከሰማይ ፊት ለፊት ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመልከቱ። በሽቦው ዳር ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ በጉልህ ከታየ የሌንሱ ጥራት ዝቅተኛ ነው።

5. የማጥሪያውን መዘውር ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት። ሳይላላና ሳይነክስ እኩል መዞር አለበት።

6. ቀስ አድርገው ያናውጡት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይመልሱት።

ስለ ገንዘብ

ዛይስ፣ ላይካና ስዋሮቭስኪ የሚሠሯቸው ባይኖኩላሮች በጥራታቸው ዓለም የመሰከረላቸው ናቸው፤ ዋጋቸውም እንዲሁ። ለመጀመር ግን አያስፈልጉዎትም። ከርካሹ ወደ መካከለኛው ሲሸጋገሩ የሚያገኙት የጥራት ለውጥ ትልቅ ነው፤ ከመካከለኛው ወደ ውዱ ሲሄዱ ግን ለጥቂት ለውጥ ብዙ ይከፍላሉ። ስለዚህ ትንሽ ቆጥበው መካከለኛውን ቢገዙ ይሻላል።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ካሰቡ "ጥሩ ባይኖኩላር" ብለው አይላኩ። "8×42፣ ፉሊ መልቲ ኮትድ፣ ውሃ የማያስገባ" ብለው ይጻፉለት። ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ስለ ፈቃድና ቀረጥ ጉምሩክን ይጠይቁ። ከያዙት በኋላም ወደ ጦር ሰፈር፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያና ወደ ሰው ቤት አያዙሩት። ገጠር ሲደርሱ በቅድሚያ ሰላምታ ይስጡ፤ ምን እንደሚያዩም ያስረዱ።

ከገዙ በኋላ

ሁለቱ ዓይኖቻችን እኩል ላያዩ ይችላሉና ባይኖኩላሩን ከራስዎ ጋር ያላምዱት። በመጀመሪያ ማጠፊያውን እያስተካከሉ ሁለቱ ክቦች አንድ እንዲሆኑ ያድርጉ። ቀጥሎ የቀኙን ሌንስ ይሸፍኑና አንድ የሩቅ ጽሑፍ በመሃለኛው መዘውር ያጥሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍነው ያንኑ ጽሑፍ በቀኙ ሌንስ ላይ ባለው ቀለበት ያጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት ያስታውሱ፤ ከዚህ በኋላ መሃለኛውን ብቻ ነው የሚነኩት።

ወፍ ሲያዩ ዓይንዎን ከወፏ ላይ አይንቀሉ። እያዩዋት ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት እንጂ ራስዎን ዝቅ አድርገው ባይኖኩላሩን አይፈልጉ።

አቧራ ሲይዘው በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ አይጥረጉት፤ አቧራው ልባሱን ይቧጭረዋል። አስቀድመው አቧራውን እፍ ይበሉ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ በቀስታ ይጥረጉ። በባይኖኩላር ፀሐይን ፈጽሞ አይመልከቱ፤ ዓይን ያጠፋል። ለልጆች ሲሰጡም ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ከምዕራፉ የሚያዝ

• ለጀማሪ 8×42፤ ክብደት ለሚከብደው 8×32።
• ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ያካፍሉ፤ ለማለዳ 4 እና ከዚያ በላይ ይሁን።
• ሙሉ ልባስ፣ ድፍን ክብ ብርሃን፣ የተጣጣሙ ቱቦዎች።
• ዙምና ቀይ ሌንስ ይቅርብዎ።

መልመጃ

ባይኖኩላሩን በገዙ ማግሥት ሩቅ አይሂዱ። ጠዋት በደጅዎ ይቁሙና ጣሪያ ላይ የምታርፈውን የዱር እርግብ ለ10 ደቂቃ ይመልከቱ። ዓይኗን የከበበውን ቀይ ቆዳ ይዩ፤ ክንፏ ላይ የተረጩትን ነጫጭ ጠብታዎች ይቁጠሩ። ይህችን እርግብ ከልጅነትዎ ጀምሮ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ፣ ሲያዩዋት ኖረዋል። ስትርቅብዎ የኖረች አይደለችም። የዓይኗን ቀይ ዙሪያ ግን የሚያዩት ዛሬ ይሆናል።