አልበምን በምን እንመዝነው?

አዲስ አልበም በበዓል ሰሞን ሲወጣ ፍርዱም አብሮት ይወጣል። ሚኒባስ ውስጥ፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣ በየቢሮው የሻይ ሰዓት፣ «ምርጥ ነው»፣ «እንደ ድሮው አልሆነልኝም»፣ «ግጥሙ ወርዷል»፣ «ቅንብሩ ጫጫታ በዛበት» ሲባል ይዋላል። ይህ ሁሉ አስተያየት ነው፤ ሰው የወደደውንና የጠላውን መናገሩም መብቱ ነው። ሒስ ግን ከዚህ አልፎ መሄድ ይጠበቅበታል። ሐያሲ የሚሰጠው ምክንያት፣ ሌላው ሰው አልበሙን ከፍቶ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ «እውነትም እንዲህ ነው» ወይም «የለም፣ አልስማማም» ሊልበት የሚችል መሆን አለበት። «ቅንብሩ ጫጫታ በዛበት» የሚለው አስተያየት፣ «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ኪቦርዱ ድምፃዊው በሚዘፍንበት ከፍታ ስለሚጫወት ቃላቱ ይዋጣሉ» ሲባል ወደ ሒስ ይለወጣል። አሁን መከራከር እንችላለን፤ የምንከራከርበት ቦታ ታውቋልና።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን ይከብዳል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው። የሙዚቃ ዘውጎች ሁሉ በአንድ መለኪያ አይመዘኑም። ራፕን በሮክ፣ ጃዝን በዘፈን ሚዛን መመዘን እህልን በክንድ፣ አቡጀዴን በቁና እንደ መስፈር ነው። ቁጥር ይወጣዋል፤ ቁጥሩ ግን ስለ እህሉም ስለ ጨርቁም የሚነግረን የለም። በእኔ እምነት በአልበም ሒስ ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹ ስህተቶች የመጡት ከዚህ ነው። ጆሯቸው የተባ፣ ብዙ ያዳመጡ ሰዎች ናቸው የተሳሳቱት።

ሌድ ዜፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ጆን ሜንደልሶን የተባለ ሐያሲ ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ አልበሙን ክፉኛ ነቀፈው። የጊታሪስቱን የጂሚ ፔጅን ችሎታ አልካደም፤ ነገር ግን የተጻፉት ዘፈኖች ደካማ ናቸው፣ ይህንን ሥራ ጄፍ ቤክ ከጥቂት ወራት በፊት በተሻለ ሠርቶታል አለ። የሜንደልሶን ሚዛን ግልጽ ነው፦ ዜማ፣ ግጥም፣ የዘፈኑ አወቃቀር። በዚያ ዘመን ጥሩ የሮክ አልበም ማለት ጥሩ ዘፈኖች የተሰበሰቡበት ማለት ስለነበር ሚዛኑን ከየትም አላመጣውም።

አልበሙ ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ግን በድምፁ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈን ከፍታችሁ ድራሙን ብቻ ተከተሉ። ጆን ቦንሃም በቀኝ እግሩ አንዲት ፔዳል እየረገጠ፣ ትልቁን ከበሮ ሦስት ሦስት እያደረገ በፍጥነት ይመታል፤ ሌላው ድራመር በሁለት እግሩ የሚሠራውን በአንድ ነው የሚሠራው። ፔጅ ደግሞ ማይክሮፎን ከከበሮው ራቅ አድርጎ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው። ስለዚህ የሚሰማን የቆዳው ምት ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ ራሱ፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ይሰማል። ከዚያ በኋላ የመጣው ከባድ ሮክ ከዚህ ድምፅ ብዙ ወርሷል። ሜንደልሶን የዘፈን ጽሑፍ ሲፈልግ ክፍሉን ሳይሰማው ቀረ።

ሆኖም ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ስቷል ብሎ መዝጋት ፍትሐዊ አይሆንም። የባንዱ ዘፈን አጻጻፍ ደካማ ነው ማለቱ ያለ መሠረት አልነበረም። በዚያ አልበም ላይ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ የታተመው አንዱ ዘፈን የአን ብሬደን ድርሰት ነበር፤ ስሟ በአልበሙ ላይ የሰፈረው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሌላው ዘፈን ደግሞ ከጄክ ሆምስ ሥራ የተወሰደ በመሆኑ ክስ አስከትሏል። በመጨረሻው ፍርዱ የተሳሳተ ሐያሲ በመንገዱ ላይ እውነት ሊናገር ይችላል። ለዚህ ነው የሒስ ጽሑፍን መጨረሻውን ብቻ አንብቦ መተው የሚጎዳን።

አሁን ወደ ራፕ እንሻገር። ናዝ «ኢልማቲክ»ን በሚያዝያ 1994 ሲያወጣ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ያደገው ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስብሪጅ በሚባለው የመንግሥት መኖሪያ መንደር ነው። አልበሙ አጭር ነው፣ አሥር ክፍል፣ አርባ ደቂቃ ገደማ። ከዘፈን የመጣ ሰው ዜማ ይፈልግበታል፤ ዜማ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። መግቢያውን አልፋችሁ ሁለተኛውን ሥራ ብትከፍቱ፣ ዲጄ ፕሪሚየር ከጆ ቻምበርስ የጃዝ ሥራ የቆረጣት አጭር የፒያኖ ሐረግ እስከ መጨረሻው ትመላለሳለች። በዜማ ሚዛን ይህ ድህነት ነው። በራፕ ሚዛን ግን ፒያኖው የተዘረጋ ወለል ነው፤ የሚመዘነው ወለሉ ላይ የሚሆነው ነው። ናዝ ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ብቻ አይደለም። በስንኙ መሃል ይመታል፣ ያንን ድምፅ ወደሚቀጥለው ስንኝ ይዞት ይሻገራል፣ ትንፋሹን አድማጭ ከሚጠብቀው ቦታ አሳልፎ ይወስዳል። በዚያ ላይ የሰፈሩን መተላለፊያ፣ ደረጃና ጥግ ያሳያል። በአንዱ ሥራ መጨረሻ ላይ ኮርኔት ሲነፋ የሚሰማው አባቱ ኦሉ ዳራ ነው፤ ጃዝ ከቤቱ የወጣ ቅርስ መሆኑን አንዲት ቃል ሳይናገር ይነግረናል።

የራፕ መጽሔቱ ዘ ሶርስ ለዚህ አልበም ከፍተኛውን ደረጃ፣ አምስት ማይክ፣ ሰጠው። ለጀማሪ ልጅ ይህ በጣም ብዙ ነው ያሉ ነበሩ። ገበያው ቸኩሎ አልተስማማም፤ አልበሙ በአሜሪካ የግማሽ ሚሊዮን ቅጂ የወርቅ ማረጋገጫ ያገኘው በ1996፣ የአንድ ሚሊዮኑን ደግሞ በ2001 ነው። መጽሔቱ በራፕ ሚዛን መዝኖ ስለነበር ሽያጩ እስኪደርስበት መጠበቅ አላስፈለገውም።

ጃዝ ላይ ስንደርስ ለአማርኛ አድማጭ ነገሩ ይቀላል። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ በሁለት ቀን ቀረጻ የጨረሰው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አምስት ሥራዎች አሉት። ከዚያ በፊት የነበረው የጃዝ ሰው ጀግንነቱን የሚያሳየው ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጡ ኮርዶች መሃል ሳይደናቀፍ በመሮጥ ነበር። ማይልስ ኮርዶቹን ቀነሰና ለተጫዋቾቹ ሰፊ ሜዳ ሰጣቸው። በመክፈቻው ሥራ ባሱ ይጠይቃል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በሁለት ድምፅ ይመልሳሉ፤ ሠላሳ ሁለቱ ባር በሁለት ስኬል ብቻ ያልቃል። በቀድሞው ሚዛን የመዘነ «ምንም አልተካሄደም» ቢል አይገርምም። በቅኝት ያደገ ጆሮ ግን ይህንን ቶሎ ይረዳዋል። አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትዝታ ወይም በአምባሰል ሲቆይ አይሰለቸንም፤ ማሲንቆው በዚያችው ቅኝት ውስጥ ምን እያደረገ እንደሆነ እንከተላለን። ጥያቄው ስንት ኮርድ አለ የሚለው መሆኑ ይቀርና በተሰጠው ሜዳ ላይ ምን ተገኘ የሚለው ይሆናል።

በእኛ አገር የለመድነው ሚዛን ሦስት ስም አለው፤ አልበሙ ጀርባ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። መልካም ሚዛን ነው። ቅኔ የሚወድ፣ በሰሙ ሥር ወርቅ የሚፈልግ ሕዝብ ግጥምን ከፊት ማስቀመጡ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱ እኩል ሳይታዩ ሲቀሩና ሚዛኑ ያልተሠራለትን ሥራ ስንመዝንበት ነው። የእዮብ መኮንንን የሬጌ ዘፈኖች ብዙዎቻችን የምናነሳው ለግጥማቸው ነው፤ ሬጌን ሬጌ የሚያደርገው ግን ባሱና ድራሙ የሚተዉት ባዶ ቦታ ነው። ኤልያስ መልካን የመሰለ አቀናባሪ ያንን ቦታ እንዴት እንደጠበቀው ካልተነገረ ሒሱ ግማሽ ነው።

የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ደግሞ የባሰ ፈተና ነው። በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀረጸ፣ በቫይብራፎን፣ በላቲን ከበሮና በትንፋሽ መሣሪያ የሚሄድ አልበም ነው። ግጥም የለውም። ግጥም በሚያስቀድም ሚዛን ገና ከመነሻው አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ለኢትዮ ጃዝ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቅኝቱ ከጃዝ ኮርዶች ጋር ሲገናኝ መልኩን ጠብቋል ወይስ ጠፍቷል? ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ከሥራቸው የሚገባው ኮርድ ከአምስቱ ውጭ ያሉ ድምፆችን ያለ ልክ ካመጣ፣ አንቺሆዬ አንቺሆዬነቷን ታጣለች። ሙላቱ ኮርዱን እየመጠነ፣ ዋናውን መስመር ለቅኝቱ እየተወ የሄደበትን መንገድ የሚያሳይ ሒስ ሥራውን የሚያህል ሒስ ነው። ኢትዮጵያዊው አድማጭ ለዚህ ከማንም የተሻለ ጆሮ አለው፤ ነገር ግን የኢትዮ ጃዝ ዝና በዓለም የተስፋፋው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም ቁጥር 4 በ1998 ከወጣና የሙላቱ ሥራዎች በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ከተሰሙ በኋላ ነው። ይህ ያስቆጨኛል።

የውጭ ሐያሲም ቢሆን በበኩሉ የሚጎድለው አለ። የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የ2001 አልበም በቢል ላስዌል አዘጋጅነት የተሠራ ነው፤ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስና ኸርቢ ሃንኮክን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። አማርኛ የማይሰማ ሐያሲ ባሱን፣ ሳክስፎኑንና የጂጂን ድምፅ ያደንቃል፤ ስለ ዓባይና ስለ ዓድዋ በምትዘፍንባቸው ሥራዎች ቃሉ የሚሸከመውን ግን አይደርስበትም። እኛ ደግሞ ቃሉ ላይ ተመስጠን ከሥሩ ያለው ባስ ዘፈኑን ወዴት እንደወሰደው ሳንናገር እናልፋለን። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴትም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ብቻውን የሠራው ይህ ካሴት በ2013 በአሜሪካ እንደገና ሲታተም፣ የውጭው አድማጭ በሌላ ቦታ ያልሰማው እንግዳ ድምፅ ሆኖ አገኘው፤ ለአገሩ ሰው ደግሞ ከልጅነቱ የሚያውቃቸው ዜማዎች ነበሩ። ሁለቱም እውነት ሰምተዋል። ጥሩ ሐያሲ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማ ለአንባቢው ይናገራል።

ስለ ነጥብ አሰጣጥም ጥቂት ልበል። ሮበርት ክሪስጋው ከ1969 ጀምሮ ለአልበሞች እንደ ትምህርት ቤት ውጤት በፊደል ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ ሌሎች ኮከብ ይሰጣሉ፤ በ1996 የተጀመረው ፒችፎርክ ከ0.0 እስከ 10.0 ይቆጥራል። ቁጥር ለቸኮለ ገዢ ይጠቅማል፤ ሚዛኑን ግን ይደብቃል። በ2003 ሊዝ ፌር የምትባል፣ በጥሬ የሮክ አልበሟ የተከበረች ዘፋኝ፣ ወደ ለስላሳ ፖፕ የዞረ አልበም አወጣች። ፒችፎርክ 0.0 ሰጣት። ሐያሲው የፖፕ አልበምን የመዘነው በድሮዋ ሊዝ ፌር ነበር። በ2019 ራሱ በይፋ ይቅርታ ጠየቃት፤ በ2021 ድርጅቱ ነጥቡን ወደ 6.0 ከፍ አደረገው። ዜማው አልተለወጠም፣ ቅጂው ያው ነው፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

ይህን ስል ሁሉም አልበም በራሱ ሚዛን ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ፖፕ የሚመዘነው አዝማቹ በጆሮ በመቅረቱና አላስፈላጊ ነገር ባለመሸከሙ ነው፤ አዝማቹ ካልቀረ በፖፕ ሚዛን ወድቋል፣ ግጥሙ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅም። ራፐሩ ምቱን መያዝ ካቃተው የሰፈር ታሪኩ አያድነውም። ትክክለኛው ሚዛን ከሌላው ሚዛን ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ማምለጫ አይተውም።

እንግዲህ የሚቀጥለው አዲስ አልበም ሲወጣ፣ እባካችሁ ፍርዱን ትንሽ አዘግዩት። መጀመሪያ ምን ሊሆን እንደፈለገ ለዩ፦ ሬጌ ነው? ኢትዮ ጃዝ ነው? ለሠርግ ጭፈራ ነው? ለብቻ ለማዳመጥ? አንዴ ቃሉን፣ አንዴ ባስና ድራሙን፣ አንዴ ደግሞ ድምፃዊውን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት፤ በስልክ ስፒከር ሳይሆን ባሱ በሚሰማበት መሣሪያ። ከዚያ ወደዳችሁትም ጠላችሁትም፣ የትኛው ዘፈን የትኛው ቦታ ላይ ምን እንደሰማችሁ ተናገሩ፤ የአቀናባሪውንና ሚክስ ያደረገውን ሰው ስምም አብራችሁ ጥሩ።