ስለ ሪህ በሽታና በቤት ውስጥ ስለሚደረግለት እንክብካቤ

በአገራችን መገጣጠሚያን የሚያሳምም በሽታ ሁሉ ሪህ ይባላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። ይኸውም ብዙውን ጊዜ በሌሊት ድንገት ተነሥቶ የእግርን አውራ ጣት ሥር የሚያሳብጠውና የሚያቀላው፣ ነጠላ እንኳ ቢያርፍበት የማያስችለው ነው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በሰውነታችንና በምንበላው ምግብ ውስጥ ያለው ፑሪን ሲፈርስ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ይህንንም አብዛኛውን ኩላሊት ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ኩላሊት በሚገባ ሳያስወጣው ሲቀር ግን በደም ውስጥ ይበዛና እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ጠጠር ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በሪህ ታማሚዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1848 ነበር።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

1ኛ/ ሕመሙ ሲነሣ እግርን ማሳረፍና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ ያህል ማኖር።

2ኛ/ ኩላሊቱ ወይም ልቡ ያልታመመ ሰው ውሃ አዘውትሮ መጠጣት፤ በጾም ወራትም በተፈቀደው ሰዓት ውሃን አለመርሳት።

3ኛ/ ቢራን፣ አረቄንና ጠላን መተው፤ ጉበትና ኩላሊት አለመብላት፤ ቀይ ሥጋንና ለስላሳ መጠጥን መቀነስ። ምስርና ሽሮ ፑሪን ቢኖራቸውም እንደ ሥጋ አይጎዱም።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የሪህ ሕመም ምንም ባይደረግለት እንኳ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የተጠጣው ሥር ሁሉ ፈዋሽ ይመስላል። አያቴ በታመሙ ጊዜ ዋግምት ታገሙ፤ በዐሥረኛው ቀን ተነሥተው ሲሄዱም ምስጋናው ሁሉ ለዋግምቱ ሆነ። በዓመቱ ግን በሽታው ወደ ጉልበታቸው ወጣ። ሕመሙ ቢበርድም ጠጠሩ ከውስጥ አልወጣም ነበርና።

ደግሞም ከተክል የተገኘ ሁሉ አይጎዳም ማለት አይደለም። ኮልቺሲን የተባለው የሪህ መድኃኒት ራሱ ከአበባ ተክል የሚገኝ ሲሆን፣ ከልኩ ካለፈ ሊገድል ይችላል።

የምግብ ጥንቃቄ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ደሙን አስመርምሮ፣ ሐኪም ካዘዘለት እንደ አሎፑሪኖል ያለውን መድኃኒት በየቀኑ ሊወስድ ይገባዋል። በ1 ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ከ6 ሚሊግራም በታች ሆኖ ከቆየ የተጠራቀመው ጠጠር ቀስ በቀስ ይሟሟል። ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት ካለ ግን መገጣጠሚያው መርቅዞ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

አያቴም ዛሬ ውሃቸውን ይጠጣሉ፣ መድኃኒታቸውንም ይውጣሉ። በየቤታችን በሪህ የሚሠቃዩ ሽማግሌዎች አሉና፣ እኛ ተማሪዎች ይህን ብናስረዳቸው ትምህርታችን ለቤተሰባችን ጠቀመ ማለት ነው።