ቀልድን በቁም ነገር መጻፍ

ባለፈው ትምህርት በዓይን የሚታይን ነገር የሚያሳይ ገላጭ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክተናል። አሁን ደግሞ በእውን የሌለን፣ ያውም ለማሳቅ የተፈጠረን ነገር እንዳለ አድርጎ መግለጽ ምን እንደሚጠይቅ እናያለን። ምሳሌ የሚሆኑን ደራስያን ሳይሆኑ የባቡር አምሳያ ሠሪዎች ናቸው።

በአሜሪካና በአውሮፓ አያሌ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ምድር ባቡርን አሳንሰው ይሠራሉ። በብዛት የተለመደው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ 14 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ብዙዎቹ ሠሪዎች በእውን ያለ ኩባንያን ከመቅዳት ይልቅ የራሳቸውን ይፈጥራሉ። ስም ያወጡለታል፤ ምልክት ይቀርጹለታል፤ መሥመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስና ምን እንደሚጭን ይወስናሉ። ከዚያም ስሙን የጻፉበትን ፉርጎ ለወዳጆቻቸው ይሰጣሉ፤ የወዳጆቻቸውንም ይቀበላሉ። የእውነተኞቹ ኩባንያዎች ፉርጎዎችም ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው ስለሚተላለፉ፣ የሌለው ኩባንያ በጎረቤት ሐዲድ ላይ ሲታይ ያለ ይመስላል።

ነገር ግን ፉርጎው እንግዳ ሐዲድ ላይ መሄድ አለበት። በዚህ መጠን የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተቋቋመው የአምሳያ ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበርም የሐዲድንና የመንኰራኵርን ልክ ደንግጓል። በጎኑ የተጻፈው ስም የቱንም ያህል ቢያስቅ፣ መንኰራኵሩ ልኩን ካልጠበቀ ፉርጎው ይወድቃል። ያን ጊዜ የሚሣቅበት ሠሪው ነው።

ከእነዚህ ሠሪዎች መካከል ስሙ ገኖ የሚነሣው በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን አለን ነው። ሙያው ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። በቤቱ ውስጥ ተራራና ገደል፣ ድልድይና ከተማ ያለበት ሰፊ የባቡር አገር ሠርቶ፣ ኩባንያውን «ጎሪ ኤንድ ዳፊቲድ» አለው። በጽሑፍ ሲታይ በሁለት ከተሞች የተሰየመ ማናቸውንም የአሜሪካ ምድር ባቡር ይመስላል። ጮኽ ብለው ሲያነቡት ግን በእንግሊዝኛ «ደም የለበሰና ድል የተነሣ» እንደ ማለት ይሰማል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ የከተሞች ስም፣ ወርቁ የተሸናፊ ውርደት ነው፤ ኅብረ ቃሉም ራሱ የኩባንያው ስም ነው።

በዚሁ ሐዲድ ላይ ፉርጎ የምታቀያይር ኤማ የምትባል ዳይኖሰር ነበረች። እንደ ማናቸውም ሎኮሞቲቭ ቁጥር ነበራት፤ 13። እኛን ከዳይኖሰሯ ይልቅ የሚያስደንቀን ቁጥሯ ነው። አለን በፉርጎዎቹ ላይ ዝገትን፣ ጥላሸትንና የወየበ ቀለምን አስመስሎ በመሥራት የታወቀ ሰው ነበር፤ ዙሪያዋ ያለው ሁሉ እውነት ስለሚመስል ኤማ ታስቃለች። ዙሪያዋ የልጅ መጫወቻ ቢሆን ኖሮ እርሷም አንዲት መጫወቻ በሆነች ነበር።

አለን እ.ኤ.አ. በ1973 መጀመሪያ ላይ ዐረፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቤቱ እሳት ተነሥቶ ያን ሥራ አወደመው። ፎቶግራፎቹ ቀሩ። የኩባንያው ስም ግን በሌሎች ሰዎች ፉርጎ ላይ ተጽፎ በሌሎች ሰዎች ሐዲድ ላይ ይሄዳል።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንመለስ። ለዚህ ትምህርት ሲባል የተፈጠረውን የሚከተለውን ማስታወቂያ አንብቡ።

«የቀስ በቀስ ምድር ባቡር ኩባንያ ለክቡራን ደንበኞቹ የሚያስታውቀው፦ እንቁላል የሚጫነው ሰኞ ጧት ብቻ ነው። ጕዞው 21 ቀን ይፈጃል። በፉርጎው ውስጥ ጭድ ይነጠፋል፤ ሙቀቱም ይጠበቃል። ጭነቱ ከመድረሻው ጣቢያ በእግሩ ስለሚወርድ የማውረጃ ሒሳብ አይጠየቅም። ጭነቱ በጕዞ ላይ ቢጮኽ ኩባንያው ኀላፊ አይደለም።»

«አስቂኝ» የሚል ቃል በውስጡ የለም። ተረቱም አልተጠቀሰም፤ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። 21 ቀን እንቁላል ለመፈልፈል የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ አምስት ቀን ቢባል ዶሮ ያረባ አንባቢ ነገሩን አይቀበልም ነበር። ግሦቹንም ተመልከቱ። «ይነጠፋል»፣ «ይጠበቃል»፣ «አይጠየቅም» ተደራጊ ግሦች ናቸው፤ አድራጊው አይታይም፤ የመሥሪያ ቤት ድምፅ ይህ ነው። «አይጠየቅም» የሚለው «አንጠይቃችሁም» ቢባል ተናጋሪው ባለሱቅ ይሆንና ቀልዱ ይላላል።

መልመጃ

ሀ. በማስታወቂያው ውስጥ ያሉትን ተደራጊ ግሦች ወደ አድራጊ ለውጡ፤ ምን እንደ ጎደለም በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ።

ለ. ከምታውቁት ተረትና ምሳሌ ተነሥታችሁ አንድ የምድር ባቡር ኩባንያ ፍጠሩ። ስሙን፣ መሥመሩንና ጭነቱን ከወሰናችሁ በኋላ ከአሥር መሥመር የማይበልጥ ማስታወቂያ ጻፉ። ቢያንስ አንድ ትክክለኛ ቁጥር ይኑርበት።

ሐ. ማስታወቂያችሁን አጠገባችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተለዋወጡ። ከዚያም ጭነቱ እንደ ተበላሸበት ደንበኛ ሆናችሁ ለእርሱ ኩባንያ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፉ፤ ቀኑ፣ የፉርጎው ቁጥርና የጭነቱ ብዛት ሳይጠቀስ አይቀር።